ለብ ያለ ፎጣ

«እሜቴ» የሚለውን ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት። ልጅቱን ተሸክሞ ማስነሳት፣ ተሸክሞ ማጠብ፣ ተሸክሞ ማስቀመጥ የቤቱ የዘወትር ሥራ በሆነ ጊዜ፣ «እሷ እኮ እመቤት ናት፤ ደንገጡሮቿ እኛ ነን» ብላ ቀለደችና ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። ልጅቱ ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቷል። ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል፤ በቤቱ ቋንቋ ግን ነገሩ ባጭሩ «እግሯ» ነው። ጡንቻዎቿ ሳታዛቸው ይወጠራሉ። የባቷ ጡንቻ ተረከዟን ወደ ላይ ስለሚጎትተው፣ ደግፈው ሲያቆሟት የምትረግጠው በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው።

እሜቴ አፏን ሞልታ አትናገርም። ጆሮዋ ግን የሚያመልጠው ነገር የለም፤ አክስቷ ወሬ ስታወራ ሳቋን የምትለቀው ወሬው ገና ሳያልቅ ነው። «አዎ» ለማለት ዓይኗን ወደ ጣሪያው ታነሳለች፤ «እምቢ» ለማለት ጭፍን ታደርገዋለች። ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሾርባ ይጨመርልሽ ወይ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ ወይ ተብላ ትጠየቃለች። ስለ እግሯ ግን ጠይቋት የሚያውቅ የለም።

እናቷ ልብስ ተኳሽ ናት። ከአንድ ትልቅ ሆቴል ጀርባ ባለ ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ትተኩሳለች። እዚያ አዲስ የምትቀጠር ሴት ሁሉ የመጀመሪያውን ሰሞን ጣቷን እፍ እፍ ስትል ትሰነብታለች፤ ከዚያ መዳፏ ይለምዳል። የእሜቴ እናት መዳፍ ከለመደ ዓመታት አልፈዋል። ከማድረቂያው የወጣውን አንሶላ ሌሎቹ በጨርቅ ሲይዙት እሷ በባዶ እጇ ጎትታ ታጥፈዋለች። የሥራ ጓደኞቿ «ይቺ ሴት እጇ ብረት ነው» እያሉ ያሞካሿታል። እሷም ደስ ይላት ነበር፤ በሌላ ነገር ያመሰገናት ሰው የለምና።

ሰው ጠንካራ ይላታል። ጠንካራ እንኳ አይደለችም፤ ደንዝዛለች። ባሏ ልጅቱ ገና ሕፃን ሳለች «ሥራ ፍለጋ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ያን ሰሞን አለቀሰች፤ ከዚያ ለቅሶዋም እንደ ባሏ ወጥቶ ቀረ። የባሏ እህት፣ ያቺ አክስት፣ ግን አልሄደችም። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወሬ ስታገናኝ ኖራ፣ አሁን የራሷን የምትነግረው ሰው ጠፍቷታል። «ወንድሜ ባያፍር እኔ አፍራለሁ» አለችና ጠዋት ጠዋት ከክፍሏ እየመጣች እናትየዋ እስክትመለስ ልጅቱን ትይዛለች። እሷ ባትኖር እናትየዋ ከቤት መውጣት አትችልም ነበር።

ማታ ማታ ሥራው ይህ ነው። ማንቆርቆሪያው ይፈላል፤ ውሃው ሳፋ ላይ ይገለበጣል፤ ቀዝቃዛ ይጨመርበታል፤ ፎጣ ተነክሮ ይጨመቅና የእሜቴ ባት ላይ ይጠመጠማል። ሙቀቱ የተወጠረውን ጡንቻ ያላላዋል። ከዚያ እናትየዋ ተረከዙን በመዳፏ ይዛ፣ ውስጥ እግሩን በክንዷ ደግፋ ወደ ላይ ትገፋዋለች። በጥድፊያ ከሳቡት ጡንቻው ይቆጣና ይቆልፋል፤ ቀስ ካሉት ይለቃል። ይህን ያስተማረቻት የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ከአፏ «ቀስ በይ» ስለማይጠፋ እናቶቹ ስሟን ትተው «ቀስ በይ» ነው የሚሏት፤ እሷም ታውቃለች፣ ትስቃለች። ስለ ፎጣው ያለችው ነገር አንድ ነበር፤ ከማድረግሽ በፊት በእጅሽ ለኪው፣ ለብ ያለ መሆን አለበት።

እሜቴ እግሯ ሲሳብ ታለቅሳለች። እናቷ ድሮ አብራት ታለቅስ ነበር፤ አሁን ግን ለቅሶው የጎረቤት ሬዲዮ ሆኖባታል፤ ይጮኻል እንጂ ጆሮ የሚሰጠው የለም። ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ «አለቀ፣ አለቀ» እያለች ትስባለች። አለቀ ማለት የምትጀምረው ሥራው ሲጀመር ነው።

ያን ሰሞን ነገሩ ጠንክሮ ነበር። የአጥንት ሐኪሙ ቁርጭምጭሚቷን ለክቶ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተረከዟ መሬት ካልነካ ጅማቷን በቀዶ ጥገና ማስረዘም ግድ ነው አለ። ለሐኪሙ የተለመደ ሥራ ነው። እናትየዋ ግን ልጅቱ በሕፃንነቷ ለምርመራ በማደንዘዣ የተኛች ዕለት፣ ትነቃለች በተባለ ሰዓት ሳትነቃ ቀርታ ነርሶች በኮሪደሩ ሲሯሯጡ አይታለች። በኋላ ነቃች፤ ኮሪደሩ ግን ከእናትየዋ ሐሳብ አልወጣም። ስለዚህ ተረከዙ መውረድ ነበረበት። ሌላ የምትመኘው ነገር የለም፤ ይህም ቢሆን ምኞት ይሁን ሥራ ለይታ አታውቀውም። ፎጣ ታሞቃለች፣ ትስባለች፣ ትተኛለች።

አንድ ማታ የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ ሳፋው ላይ የሚጨመር ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት ብቻ ነበር። እናትየዋ እንደ ወትሮው ነከረች፣ ጨመቀች፣ በመዳፏ ለካች፣ ጠመጠመች። እሜቴ አለቀሰች። እናቷ «አለቀ፣ አለቀ» አለቻት።

በማግስቱ አክስትየዋ ላውንደሪው ድረስ ደወለች። ያቺ ወሬኛ ሴት «ቶሎ ነይ» ብላ ብቻ ስልኩን ዘጋች። እናትየዋ ስትደርስ የእሜቴ ባት ቀልቶ፣ በአንድ በኩል ውሃ ቋጥሮ አገኘችው። የሚያስደነግጥ ነገር እንደሆነ ገባት፤ ድንጋጤው ግን አልመጣም። የመጣው ጥያቄ ነው፤ ምን አፍስሰሽባት ነው አለች። አክስትየዋ ሱሪዋን ስትቀይርላት እንዲህ ሆኖ እንዳገኘችው ነገረቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም የማታው ፎጣ እንዳይሆን አለች። እናትየዋ ፎጣውን በእጇ እንደለካችው ተናገረች። በእጇ የለካችው ነገር ሊያቃጥል አይችልም፤ በእሷ በኩል ጉዳዩ ያለቀለት ነበር።

«ዋሽተሽ ከምትቆዪ እንደ ወንድምሽ ብትሄጂ ይሻለኛል፤» አለቻት፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ።

አክስትየዋ ሻርፗን ከበሩ ጀርባ አወረደች፤ የእሜቴን ግንባር ሳመችና ወጣች። እሜቴ ዓይኗን ጭፍን አድርጋ ቆየች። እምቢ ማለቷ ነበር። እናቷ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት ብርድ ልብስ ደረበችላት።

በማግስቱ ክሊኒኩ ውስጥ «ቀስ በይ» ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየች። ከዚያ ቆዳው እስኪድን ድረስ በዚያ እግር ፎጣም፣ መሳብም፣ ቁርጭምጭሚቷን የሚይዘው የፕላስቲክ መደገፊያም እንደማይቻል ነገረቻት። እናትየዋ ነገሩን በሐሳቧ አወጣች አወረደች፤ ካልተሳበ ባቱ ያጥራል፤ ካጠረ ተረከዙ አይወርድም፤ ካልወረደ ያ ኮሪደር አለ። ይህን ሁሉ እንደ አንሶላ አጥፋ አስቀመጠችው። ማን አቃጠላት ተብላ ስትጠየቅ «አክስቷ» አለች፤ የአውቶቡስ ቁጥር የምትናገር ነበር የምትመስለው።

ፊዚዮቴራፒስቷ በዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ላልተቃጠለው እግር፣ ፎጣውን ቤቷ እንደምታዘጋጀው እዚሁ አዘጋጅታ እንድታሳያት ብቻ ለመነቻት፤ ማንቆርቆሪያውንም ራሷ ጣደችላት። እናትየዋ ውሃውን ገለበጠች፤ ትንሽ ቀዝቃዛ ጠብ አደረገችበት፤ ሁለት እጇን እንፋሎቱ ውስጥ ከትታ ፎጣውን አወጣች፤ ጨመቀች፤ መዳፏ ላይ ዘርግታ ለካችው።

«ለብ ብሏል፤» አለች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ጣቷን አስነክታ ወዲያው መለሰችው። ከዚያ የእናትየዋን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ፣ እንፋሎትም ካውያም የማያውቀውን የክንዷን ውስጠኛ ክፍል ገለጠችና የፎጣውን ጫፍ አስነካቻት። እናትየዋ ወንበሩን ገልብጣ ተነሳች። ፎጣው ወለሉ ላይ ወድቆ ይጨሳል። እሜቴ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ ሁለቱንም ታያቸዋለች።

«ቀስ በይ» የእናትየዋን ዓይን አስጨፍና ጣቶቿን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ጫፍ ነካካቻቸው። እናትየዋ የትኛው እንደተነካ መናገር አልቻለችም።

«በእጅሽ ለኪው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። «ለሁሉም እናት የምለውን ነው ለአንቺም ያልኩት። እጅሽን ግን አላየሁትም።»

«አልቅሳ ነበር፤» አለች እናትየዋ።

«መቼ?»

«ፎጣውን ሳደርግባት። አልቅሳ ነበር እኮ፣ ሲስተር። ሁልጊዜ ስለምታለቅስ...»

አልጨረሰችውም። ሰው ሊያለቅስ የሚገባው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ለቅሶውን ጠበቀችው፤ አልመጣም። ክንዷ ላይ የቀረው ቅላት ግን ያቃጥላታል፤ እሱን ስታይ ቆየች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ወንበሩን አነሳችና ከፊቷ ተቀመጠች። እጇን ሐኪም እንዲያይላት፣ ከእንግዲህ ፎጣውን በክንዷ ውስጠኛ ክፍል እንድትለካ መከረቻት። ሌላም ነገር አለቻት። አዎንና እምቢን የምታውቅ ልጅ ካለች፣ ከፎጣውም ከመሳቡም በፊት የእግሩ ባለቤት ትጠየቅ። እናትየዋ እሺ አለች። በዚያ ሰዓት ምንም ብትባል እሺ ትል ነበር።

ከክሊኒኩ ወጥታ ልጅቱን በጋሪዋ እየገፋች ቀጥታ አክስትየዋ ክፍል ሄደች። አክስትየዋ በሩን ከፍታ አየቻቸው፤ ግቡ አላለችም፤ በሩንም አልዘጋችም።

«ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፣ እትዬ፤» አለች እናትየዋ፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየቻት። ፎጣው፣ እስክሪብቶው፣ የማይሰማው መዳፏ፣ ሁሉንም በተርታ ተናገረች። ስለ ወንድምሽ ያልኩት ደግሞ ስትል አክስትየዋ አቋረጠቻት።

«እሱን ተይው። እኔን ጠረጠርሽኝ፤ እሺ፣ ሰው ይጠረጥራል። ልጅቱ ግን ማን እንዳቃጠላት እያወቀች ነው እኔን ስታባርሪ ተጋድማ የሰማችው። የምትናገርበት አፍ የላትም። ማታ ይህን ሳስብ ነው ያደርኩት።» ከዚያ ከመሳቢያዋ ቅባት አውጥታ የእናትየዋን ክንድ ቀባችላት። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አለቻት።

ቁስሉ ዳነ። ተረከዙ ግን በሥራ ፈቱ ሳምንታት ወደ ላይ ሸሽቷል። መሳቡ ሊጀመር በታሰበበት ማታ እናትየዋ ፎጣውን ማብሰያው ክፍል አዘጋጅታ፣ በክንዷ ለክታ ይዛ መጣችና እሜቴ ፊት ተንበረከከች። «ላድርገው?» አለቻት። እሜቴ አፍጥጣ አየቻት። ከተወለደች ተጠይቃው የማታውቀው ጥያቄ ነው። ከዚያ ዓይኗን ጭፍን አደረገችው።

እንግዲህ የጠየቀ ሰው መልሱንም መዋጥ አለበት። በማግስቱም ጭፍን፤ ከዚያ በኋላም ጭፍን። አክስትየዋ ትዕግሥቷ አለቀ። ለእሷው ብለን አይደል ወይ፣ ያዢያትና ሳቢያት፣ ድሮ ትስቢያት አልነበር ወይ አለች። ድሮ ትስብ ነበር። ድሮ አይሰማትም ነበር። አሁን ለቅሶው ከጎረቤት ወደ ቤቷ ገብቷል፤ ገና የልጅቱ ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጇ ይለቃል። ያን ሁሉ ዓመት ሥራውን ያሠራት ድንዛዜው እንደነበር ያኔ ገባት። ተመልሶ ቢመጣላት ብላ የተመኘችበትም ማታ አለ፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። የቀጠሮው ቀን እየቀረበ ነበር።

መላውን ያመጣችው እሜቴ ራሷ ናት። አንድ ማታ ስትጠየቅ ዓይኗን አልጨፈነችም፣ ወደ ጣሪያውም አላነሳችም፤ የእናቷን ክንድ ትኩር ብላ አየች። እናትየዋ ግራ ገባት። የገባው ለአክስትየዋ ነው።

«እጅጌሽን ሰብስቢ እያለችሽ ነው፤» አለች። «ማብሰያው ክፍል የለካሽውን ምን አይታ ትመን?»

እናትየዋ እጅጌዋን ሰብስባ ፎጣውን እዚያው ልጅቱ ፊት ክንዷ ላይ አሳረፈች፤ አቆየችው። የእሜቴ ዓይን ወደ አክስቷ ክንድ ዞረ። የአክስትየዋም ክንድ ተለካ። «ደንገጡሮችዎ ቀምሰውልዎታል፣ እመቤቴ፤» አለች አክስትየዋ እጅ ነስታ፤ እሜቴ ሳቋን ለቀቀችው። ስትስቅ እግሯ ይብስ ስለሚወጠር ሳቁ እስኪበርድ ሁሉም ጠበቁ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጣሪያው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዲህ ሆነ። እሜቴ ታለቅሳለች፤ ዓይኗን ከጨፈነች ይቆማል፤ ካነሳች ይቀጥላል። ድሮ ቶሎ ያልቅ የነበረው ሥራ ምሽቱን ይፈጃል። እናትየዋ አለቀ የምትለው ሲያልቅ ብቻ ነው። ጡንቻው አንዳንድ ማታ ሳይቆጣ በእጇ ላይ ሲለቅ በክንዷ በኩል ይታወቃታል፤ ደስታ ነው ለማለት አትደፍርም፤ ተረከዙ ግን መልሶ መውረድ ጀመረ።

የቀጠሮው ቀን ሦስቱም ሄዱ። ሐኪሙ እንደ ልማዱ በጥድፊያ ገባና እግሩን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እሜቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዶክተር፣ ይቆዩ፤ አልፈቀደችም፤» አለች እናትየዋ። በዕድሜዋ ሐኪም አቋርጣ አታውቅም። «መጀመሪያ እጅዎን እኔ ክንድ ላይ ያሳርፉት። እሷ እያየች።»

ሐኪሙ አክስትየዋን አየ፤ አክስትየዋ አገጯን ቀና አደረገች። እጁን የእናትየዋ ክንድ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነበር፤ እናትየዋ እንዲሞቅ ትንሽ እንዲያሸው ነገረችው፤ አሸው። የእሜቴ ዓይን ወደ ጣሪያው ወጣ። ሐኪሙ እግሩን ያዘ፤ ቀስ አለ፤ ተረከዙ ወረደ፣ ወረደና መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቆመ። ሐኪሙ ጠበቀው፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። ከገመተው በላይ መሻሻሉን ሳይደብቅ ተናገረ። የቀረውን ግን ያጠረው ጅማት ነው የያዘው፣ ማሸትና መሳብ ከእንግዲህ አያወርደውም አለ። የቀዶ ጥገናውን ቀን ነገራቸው። ስለ ማደንዘዣው እናትየዋ የፈራችውን በሙሉ ሰማት፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ልጅቱን አስቀድሞ እንደሚያያት፣ ከጎኗም እንደማይለይ ገለጸላት። አደጋ የለውም ግን አላለም።

ኮሪደሩ ያው ኮሪደር ነው። ያው አረንጓዴ ቀለም፣ ያው ረጅም አግዳሚ ወንበር። እናትየዋ ጋሪውን አቆመችና እሜቴ ፊት ተንበረከከች። ያ ትንሽ ቆዳ ባይቃጠል፣ ያ ጊዜ ባይባክን ተረከዙ ይነካ ነበር ወይ የሚለውን የሚያውቅ የለም፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቀው ትኖራለች። አሁን የምትጠይቀው ሌላ ነው።

«እግርሽን እንዲሠሩልሽ ያስተኙሻል፤» አለቻት። «በመርፌ ነው። ተኝተሽ ትነቂያለሽ። ይሁን?»

እሜቴ ዓይኗን አልጨፈነችም፣ አላነሳችምም። የእናቷን ክንድ አየች።

እናትየዋ ምን እንደተጠየቀች ገባት። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ራቁት ክንዷን በሁለቱ መካከል ዘርግታ ያዘችው፤ የምታሳርፍበት ግን ምንም ነገር አልነበራትም።

«ይህን ልለካልሽ አልችልም፤» አለቻት። «ቢሆን እኔ በቀደምኩልሽ፣ የኔ እመቤት። አልችልም።»

ያን ጊዜ ስንት ዓመት የቀረው ለቅሶ መጣ። ድምፅ አልነበረውም፤ ክንዷ ላይ ይወርዳል፤ ትኩስነቱም ይሰማት ነበር። እሜቴ እንባው ሲወርድ እያየች ብዙ ቆየች። እናትየዋ አላቻኮለቻትም። ሰዎች ጋሪውን እየዞሩ አለፉ። ከዚያ እሜቴ ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች።

አክስትየዋ ጎንበስ ብላ የእናትየዋን እጅጌ ወደ ታች መለሰችላት፤ ኮሪደሩ ይበርድ ነበር።